«ከነዕዳው ገዛሁ» ያለሽ ሰው መጀመሪያ ባንክ ቤት ይምጣ

ጥያቄ

«ጋሼ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን የወረስነው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። ሥራው ቡና ነው፤ ጅማ ከተማ ዳር መቀሸሪያና መጋዘን፣ በአጋሮ መንገድ ደግሞ የእሸት ቡና መፈልፈያ አለን። የወንድሜ ድርሻ 55 በመቶ፣ የእኔ 45 በመቶ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ሙሉውን ድርሻ በ14 ሚሊዮን ብር ሊገዛን ተስማምቷል። የባንክ ዕዳ 5.8 ሚሊዮን ብር ቀርቶናል። መያዣው መጋዘኑና ቦሳ ሠፈር ያለው የእናታችን ቤት ነው፤ እኔም ወንድሜም በዋስትና ፈርመናል። ገዢው ‹ከነዕዳው ነው የምገዛችሁ፣ ባንኩን በየወሩ እኔ እከፍላለሁ፣ ልዩነቱን አሁኑኑ ውሰዱ› ይላል። በውሉ ላይ ግን ዋጋው 4 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፍ ብሏል። ሌላም አለብን፦ ለእሸት ቡና ሰብሳቢዎች 740 ሺህ፣ የግብር ውሳኔ 410 ሺህ፣ ያልገባ የ7 ወር የሠራተኛ ጡረታ። እኔም አምና ለሥራ ማስኬጃ 900 ሺህ ብር ከራሴ አስገብቻለሁ። ወንድሜ ለመፈረም ቸኩሏል። ብንሸጥ ዕዳው ከእኛ ላይ ይወርዳል?» — ከጅማ፣ ሂርማታ

መልስ

እህቴ፣ ጋሼ ካልሽኝ አይቀር እኔም አንቺ እላለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ። የሒሳብ ሰው አመል ነው።

አይወርድም። ገዢሽ ባለው መንገድ ከሄዳችሁ አንዲት ብር አይወርድም። ድርሻችሁን ትሸጣላችሁ፤ ዋስትናችሁ ግን ባንኩ ፋይል ውስጥ፣ የፈረማችሁበት ወረቀት ላይ እንዳለ ይቀራል። የእናትሽ ቤትም እንደዚያው።

ብድሩን የወሰደው አባትሽም ወንድምሽም ሳይሆኑ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ስለሆነ ባለድርሻው ተቀየረ ብሎ ዕዳው አይጠፋም፣ አዲስ ዕዳም አይሆንም። ስለዚህ ገዢሽ «ከነዕዳው» ሲልሽ የዋለልሽ ውለታ የለም። የማኅበር ድርሻ የሚገዛ ሁሉ ከነዕዳው ነው የሚገዛው፤ ሌላ አገዛዝ የለም። በቸርነት መልክ ያቀረበልሽ ነገር ሳይፈልግም የሚሆን ነገር ነው።

ዋናው ጉዳይ ማኅበሩ መክፈል ያቆመ ዕለት ባንኩ የማንን በር ያንኳኳል የሚለው ነው። ባንኩ አምስት ነገር በእጁ አለ፦ የማኅበሩ ፊርማ፣ መጋዘኑ፣ የወንድምሽ ዋስትና፣ ያንቺ ዋስትና፣ የእናትሽ ካርታ። በሽያጩ ከነዚህ ውስጥ የተቀየረ የለም። እናንተና ገዢው የምትዋዋሉት ውል የሚያስረው የፈረመበትን ሰው ነው፤ ባንኩ አልፈረመበትም። ከ1952 ጀምሮ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ያንኑ ነው የሚለው፦ አዲስ ሰው ዕዳን ቢረከብ እንኳ የቀድሞው ባለዕዳ ነጻ የሚወጣው ባለገንዘቡ ሲስማማ ብቻ ነው።

እዚሁ ጅማ የማውቀው አንድ የዱቄት ወፍጮ ባለቤት ነበር። ድርጅቱን ሲሸጥ ገዢው ባንኩን በየወሩ ሊከፍል ተዋዋለ። አንድ ዓመት ከምናምን በደንብ ከፈለ። ከዚያ ስንዴ ተወደደ፣ ክፍያው ቆመ። ሰውዬው ነገሩን የሰማው ከገዢው ሳይሆን ከግቢው በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የመያዣ ንብረትን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ሰውዬው ገዢውን ከሶ ማሸነፍ ይችል ነበር፤ ክሱ ግን ከ30 ቀን በላይ ይፈጃል። ቤቱን ያዳነው ከዘመድ ተበድሮ ነው። እኔ የገባሁት ያን ጊዜ ነው፣ ዘግይቼ።

ስለዚህ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፦ የባንኩ ዕዳ በሽያጩ ቀን፣ ከሽያጩ ዋጋ ላይ፣ ገንዘቡ በእናንተ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ይከፈል። «በየወሩ እከፍላለሁ» የሚለውን ከነጭራሹ አትቀበሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለባንኩ በማኅበሩ ማኅተም ደብዳቤ ጻፉ፤ «ብድሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ስለምንፈልግ እስከዚህ ቀን ያለውን ቀሪ ዕዳ በጽሑፍ ይግለጹልን» በሉ። አንቺ የጠቀስሽው 5.8 ሚሊዮን ከየት የመጣ ቁጥር ነው? ከመጨረሻው የክፍያ ደረሰኝ ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር አይደለም። ወለድ በየቀኑ ይቆጠራል፣ ያለፈ ክፍያ ካለ ቅጣት አለው፣ ከጊዜው በፊት መዝጋት የሚያስከፍል አንቀጽ በብድር ውላችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ከደብዳቤሽ ቁጥር ተነሥቼ፣ ለወለድና ለመሳሰሉት በግምት 60 ሺህ ጨምሬ ለስሌቴ 5 ሚሊዮን 860 ሺህ ይዣለሁ፤ እውነተኛውን ባንኩ ይነግርሻል። በዚያው ደብዳቤ ሁለተኛ ነገር ጠይቁ፦ ይህን ያህል ብር እስከዚህ ቀን ከገባ መያዣውን እንደሚያነሣና ዋሶቹን እንደሚለቅ ባንኩ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ይህ ደብዳቤ ለገዢውም ይጠቅማል። እሱ «መያዣው ሳይነሣ አልከፍልም» ይላል፣ ባንኩ «ሳይከፈለኝ አላነሣም» ይላል፤ ደብዳቤው ሁለቱን ያገናኛል።

ከዚያ ገዢው ሁለት ዓይነት ሲፒኦ (ባንክ ራሱ ክፍያውን ያረጋገጠው ቼክ) ያሠራል፦ አንዱ በባንኩ ስም ለብድሩ መዝጊያ በቁርጥ ያለው መጠን፣ ሌላው በእናንተ ስም። ሲፒኦው እውነተኛ መሆኑን ከሰጪው ባንክ ሳታጣሩ እንዳትፈርሙ። ይህን ስትሉት የሚቀየም ገዢ ካለ ይቀየም። ድርሻው የሚተላለፍበት ቃለ ጉባኤ በሰነድ ማረጋገጫ የሚፈረመውና ሲፒኦው ለብድር ክፍሉ የሚሰጠው በአንድ ቀን ይሁን። በባንኩ ሒሳብ ላይ የሚፈርመው ሰውና ሥራ አስኪያጁ የሚቀየሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በፊት አይሆንም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር። ደብዳቤሽ ብድሩ የተወሰነ ጊዜ ብድር ይሁን ኦቨርድራፍት አይልም። ቡና ላይ ያለ ሰው በእሸት ወቅት እየወሰደ፣ ቡናው ሲሸጥ እየመለሰ የሚሠራበት ብድር ይኖረዋል፤ ኦቨርድራፍት እንዲህ ያለው ነው። እንዲህ ያለው ብድር ሒሳቡ ዜሮ ሆነ ማለት ውሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። በሽያጩ ቀን ዜሮ ይሆናል፣ ተጨባብጣችሁ ትለያያላችሁ፤ ጥቅምት ላይ አዲሱ ባለቤት በዚያው ውል፣ በእናትሽ ቤት መያዣነት እንደገና ያወጣል። ስለዚህ «ተከፍሏል» የሚል ደረሰኝ አይበቃሽም። «የብድር ውሉ ተዘግቷል፣ የዋስትና ግዴታው ቀርቷል፣ መያዣው ይነሣ» የሚል፣ ለከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ነው የምትፈልጊው። ደብዳቤውን ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ዕገዳው ከመዝገቡ ላይ መነሣቱን በዓይንሽ አይተሽ፣ ካርታውን ተቀብለሽ ለእናትሽ አስረክቢ። ማሽኖቹ ወይም ተሽከርካሪ በመያዣነት ተመዝግበው ከሆነም በ2011 በወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ መሠረት የተያዘው ምዝገባ እንዲሰረዝ ጠይቂ።

የዋስትና ወረቀትሽን ኮፒ ከባንኩ ተቀበዪ። ሕጉ ዋስትና ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈበት አይጸናም ይላል፤ ያንቺ ላይ ስንት ተጽፏል? «ወደፊት ለሚወሰዱ ብድሮችም» የሚል ሐረግ አለበት? ስትፈርሚ ማንም አላስነበበሽም ብዬ እገምታለሁ።

ገዢው ሙሉ ገንዘብ በእጁ ከሌለውስ? የብዙ ገዢ እውነት ይኸው ነው፣ አያሳፍርም። እሱ ከራሱ ባንክ ይበደርና ያ ባንክ የእናንተን ባንክ ከፍሎ መጋዘኑን ወደ ራሱ መያዣ ያዛውር። ወይም የእናንተው ባንክ ገዢውን መርምሮ፣ እሱ የራሱን መያዣ አቅርቦ፣ እናንተን በጽሑፍ ይልቀቃችሁ። ሁለቱም ጊዜ ይወስዳሉ። ገዢሽ ሁለቱንም እንቢ ካለ ባንክ ያላመነውን ሰው አንቺ በእናትሽ ቤት እያመንሽው ነው ማለት ነው። ወንድምሽን ይህን ጠይቂው።

ወደ ሌሎቹ ዕዳዎች ልሂድ።

ከሁሉ የባሰብኝ ጡረታው ነው። አሥራ አንድ ሠራተኛ አላችሁ፣ አማካይ ደመወዛቸው 5,000 ብር ነው እንበል። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ በየወሩ 9,900 ብር ይሆናል፤ የ7 ወሩ 69,300 ብር፣ ቅጣቱ ሳይጨመር። ከ14 ሚሊዮን አንጻር ገንዘቡ ትንሽ ነው። ግን ሰባቱ በመቶ ከሰዎቹ ደመወዝ ላይ ተቆርጦ እናንተ ጋ የቀረ ነው፤ የናንተ ሆኖ አያውቅም። ሽያጩን ሳትጠብቁ በዚህ ወር አስገቡት።

ሠራተኞቹን በተመለከተ የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የድርጅት ባለቤት መለወጥ የሥራ ውልን አያቋርጥም ይላል። ስለዚህ የሥራ ስንብት ክፍያ አሁን አትከፍሉም፤ አገልግሎታቸው ግን ለአዲሱ ባለቤት ይዞራል፣ ብልህ ገዢም ይህን ቆጥሮ ዋጋ ይቀንሳል። ለምሳሌ 4,500 ብር እየተከፈለው 9 ዓመት የሠራ ዘበኛ ቢኖራችሁ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለቀሪዎቹ 8 ዓመታት በየዓመቱ የወር ደመወዙ ሲሶ፣ በድምሩ 16,500 ብር ይታሰባል። ገዢው የአሥራ አንዱንም ዝርዝር ይዞ ሲመጣ እንዳትደነግጪ ነው።

የግብር ውሳኔው 410 ሺህ ብር መከፈል አለበት፤ ያለ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ዝውውሩ ስለማይሄድላችሁ ክርክር የለውም። ክርክር የሚነሣው ገና ባልተወሰነው ላይ ነው። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በመደበኛው አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ መመርመር ይችላል፤ ማኅበሩ ያው ማኅበር፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩም ያው ስለሆነ የሚመጣው ውሳኔ ገዢው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ገዢሽ ከዋጋው ላይ የተወሰነ ገንዘብ ይያዝልኝ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ብሆን እስከ 1 ሚሊዮን ብር፣ በእናንተና በገዢው ጣምራ ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ ዝግ ሒሳብ፣ ለአንድ ዓመት እስማማለሁ። በእሱ እጅ ይቆይ ካለ ግን ያ ማስያዣ መሆኑ ቀርቶ የዋጋ ቅናሽ ሆነ።

የመሬቱ ሊዝ ውዝፍ ካለበት ያንንም አጣሩ።

አሁን ያንቺ 900 ሺህ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ነው የጣልሽው፤ እኔ ግን እርሳሴ እዚያ ላይ ቆመ። ይህ ገንዘብ ድርሻ አይደለም፤ ማኅበሩ ላንቺ ያለበት ዕዳ ነው። በማኅበሩ ሒሳብ መዝገብ ላይ ተይዟል? ደረሰኝ ወይም የባንክ ማስገቢያ አለሽ? ካለሽ ከዋጋው ላይ እንደ ባንኩ ዕዳ ቀድሞ ይነሣል። ልቁጠርልሽ፦ ከ14 ሚሊዮኑ ላይ የባንኩ 5,860,000፣ የሰብሳቢዎቹ 740,000፣ የግብሩ 410,000፣ የጡረታው 69,300 ሲነሣ 6,920,700 ይቀራል። የአንቺን ብድር ረስታችሁ ይህን በድርሻ ብትካፈሉ ላንቺ 3,114,315 ብር ይደርስሻል። ብድርሽ ቀድሞ ከተነሣ ደግሞ የምትካፈሉት 6,020,700 ይሆናል፤ 45 በመቶው 2,709,315፣ ከ900 ሺህሽ ጋር 3,609,315። ልዩነቱ 495 ሺህ ብር ነው። ካላስታወስሽ ይህን ገንዘብ ሳታውቂው ለወንድምሽ ሰጠሽው ማለት ነው። መስጠት ከፈለግሽ ስጪው፣ ወንድምሽ ነው፤ ግን አውቀሽ ስጪ። ገዢውም በውሉ ውስጥ «ሻጮች በማኅበሩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የላቸውም» የሚል አንቀጽ ማስገባቱ አይቀርም። ብድርሽ ሳይነሣ ያንን ከፈረምሽ 900 ሺሁ አበቃለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከድርሻው ሽያጭ ባገኛችሁት ጥቅም ላይ የካፒታል ጌይን ታክስ አለ፤ ከፋዩ ሻጩ ነው። በእጄ ገባ የምትይው ቁጥር ይህ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው።

«4 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፍ» የሚለውን በተመለከተ፦ አይጻፍ። ሕገ ወጥነቱን ለጊዜው ተይውና ያንቺን ጥቅም ብቻ እይው። ገዢው ቀሪውን ባይከፍልሽ ፍርድ ቤት ይዘሽ የምትሄጂው ወረቀት 4 ሚሊዮን ነው የሚለው፤ አሥሩ ሚሊዮን የት አለ? የባንኩ ዕዳ ብቻውን በውሉ ከተጻፈው ዋጋ ይበልጣል። ይህን የሚያይ የግብር መርማሪ ምን ይላል? አደጋው የሁላችሁም ነው።

ድርሻውን ትታችሁ ማሽኑንና ሕንፃውን ብቻ ብትሸጡስ? ያኔ ማኅበሩም ዕዳውም ከናንተ ጋር ይቀራል፣ ከሽያጩ ገንዘብ ራሳችሁ ከፍላችሁ ማኅበሩን ታፈርሳላችሁ። ንጹሕ መንገድ ነው፤ ግን ገዢሽ የሚቀበለው አይመስለኝም። የቡና ንግድ ፈቃዱና የብቃት ማረጋገጫው በማኅበሩ ስም ነው፤ እሱ የመጣው ለሲሚንቶና ለብረት ብቻ አይደለም። በነገራችን ላይ ይህ ለድርድር ጉልበት ይሆንሻል። ከእሸት ወቅት በፊት ፈቃድ ያለው ድርጅት ማግኘት የፈለገ ሰው ባንክ ቤት አንድ ጠዋት ለመቀመጥ እምቢ አይልም።

የሰብሳቢዎቹን 740 ሺህ ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ይህ ዕዳ ባንክ የለውም፣ ካርታ የለውም። ያለው ምናልባት የወንድምሽ ደብተር ላይ፣ ስምና ኪሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ በቃል ብቻ ነው። ገዢው «እኔ የማላውቀው ዕዳ» ቢላቸው ምን ይይዛሉ? እነሱ ደግሞ ለገበሬው ከኪሳቸው ከፍለዋል። እንዲህ አድርጊ፦ ከወንድምሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የእያንዳንዱን ስምና ቀሪ ገንዘብ በአንድ ወረቀት አውጡ፣ ሰዎቹን ጠርታችሁ አስፈርሙበት፣ ወረቀቱ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ክፍያው ከሲፒኦው ቀን አያልፍ፤ በየስማቸው በባንክ ይግባላቸው። አንዱ ሰብሳቢ «ደብተሩ ላይ ያለው ልክ አይደለም» ቢል አትከራከሪ፣ የሚዛን ቲኬቱን እንዲያመጣ ጠይቂው። ካመጣ ይከፈለው።

ወንድምሽ ለምን እንደቸኮለ አልጻፍሽልኝም። ሥራ አስኪያጁ እሱ ከሆነ የጡረታውና የግብሩ ጥያቄ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሱ ስለሆነ ቶሎ መገላገል ፈልጎ ይሆናል። ይህን ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡት፤ ከኔ ይልቅ የባንኩ ቁጥር ያሳምነዋል። የባንኩ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቁጥሩን ላኪልኝ፤ ከ5,860,000 ከበለጠ ድርሻችሁን እንደገና አስልቼ በሚቀጥለው ዕትም አወጣልሻለሁ።